በዓሉን አከበርን፣ ፀሐዩን ማን አየው?

ጳጉሜን በመጣች ቁጥር አንድ ክርክር አብሯት ይመጣል። ሬዲዮው ላይ ይከራከራሉ፣ ታክሲ ውስጥ ይከራከራሉ፣ ቢሮ ውስጥ ሻይ የያዘ ሁሉ ይከራከራል። አንደኛው ወገን «ዓለም ሁሉ ጥሎን ሄዷል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርተን እስከ መቼ?» ይላል። ሌላኛው ወገን ደረቱን ነፍቶ «የእኛን ዘመን አቆጣጠር የሚያህል በዓለም ላይ የለም፤ ከተቀመረ ጀምሮ ዝንፍ ብሎ አያውቅም» ይላል። ክርክሩ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ይደምቅና የዶሮ ዋጋ ሲነሣ ያበቃል። በዓመቱ ካቆመበት ይቀጥላል።

የእኔ ጠብ ከሁለቱም ጋር ነው። ሁለቱም ስለ ዘመን አቆጣጠር ሲያወሩ አንድ ቀን ቀና ብለው ፀሐይዋን አላዩም። ዓመት ማለት ምን እንደሆነ፣ በዓላቱ ለምን በዚያ ወር እንደተቀመጡ፣ ከማሳውና ከዝናቡ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው የሚጠይቅ የለም። ይህ የከተማ ሰው የሻይ ሰዓት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ግን ዕዳው የሚወድቀው በገበሬ ላይ ነው፤ እኔ በማውቀው አገር በወገዳ፣ ማለትም በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገበሬ ላይ። ስለዚህ ዝም አልልም።

መጀመሪያ «ኋላ ቀረን» ባዩን እንያዘው። ወዳጄ፣ የዓመት ቁጥር የሥልጣኔ መለኪያ አይደለም። ቁጥሩ ከየት ይጀመር የሚለው ስምምነት ነው። ከፈረንጆቹ ጋር የተለያየነው የክርስቶስን ልደት ዓመት ባሰላንበት መንገድ ነው፤ ሰማይ ላይ ያለችው ፀሐይ በዚህ ክርክር ውስጥ የለችበትም። ምሳሌ ከፈለግህ ህንድን ተመልከት። የህንድ ብሔራዊ ዘመን አቆጣጠር ሻካ በሚባለው ዘመን ስለሚቆጥር ከፈረንጆቹ በ78 ዓመት ያንሳል። እንግዲህ በእኛ ሰው ሂሳብ ህንድ በ78 ዓመት ኋላ ቀርታለች ማለት ነው። ይህቺው «ኋላ ቀር» አገር ነሐሴ 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻንድራያን 3 የተባለችውን መንኩራኩር በጨረቃ ደቡባዊ ዋልታ አቅራቢያ አሳረፈች። ከዚያ በፊት በዚያ አካባቢ ያሳረፈ አገር አልነበረም። ጨረቃ ላይ ለመድረስ የዘመን ቁጥር መቀየር አላስፈለጋቸውም።

ህንድን ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይባት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተማረ ሰው ህንዶችን በሂሳብና በፊዚክስ መምህርነታቸው ያውቃቸዋል። ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። እነዚያ መምህራን በአገራቸው የሚያከብሩትን በዓል የጠየቃቸው ተማሪ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ቢጠይቅ ኖሮ ከፊዚክሱ ክፍለ ጊዜ የማይተናነስ ትምህርት ያገኝ ነበር።

በእኛ ጥር 6 ወይም 7፣ ለጥምቀት አራት አምስት ቀን ሲቀረው፣ ህንድ ውስጥ የመኸር በዓል ይከበራል። ማካር ሳንክራንቲ ይሉታል። ፀሐይ ማካራ ወደተባለው የከዋክብት ክፍል፣ እኛ ጀዲ ወደምንለው፣ የምትገባበት ቀን ነው። ትርጉሙም ወደ ደቡብ ስትርቅ የከረመችው ፀሐይ ፊቷን ወደ ሰሜን መለሰች ነው። በደቡቡ በታሚል ናዱ በዓሉ ፖንጋል ይባላል፤ አራት ቀን ይዘልቃል። አዲስ የገባውን ሩዝ በወተትና በጥሬ ስኳር በአዲስ ማሰሮ ይቀቅሉታል፤ ማሰሮው ገንፍሎ ሲፈስ ዓመቱ ሞላ፣ ሲሳይ በዛ ብለው እልል ይላሉ። በሦስተኛው ቀን በሬና ላም ይታጠባሉ፣ ቀንዳቸው ቀለም ይቀባል፣ አበባ ይንጠለጠልላቸዋል። ቀኑ የከብት ነው። በሰሜን በፑንጃብ ደግሞ በዋዜማው ማታ እሳት አንድደው ይዞራሉ፤ እኛ በደመራና በችቦ እንደምናደርገው ማለት ነው። ገበሬው የትም ቢሆን ገበሬ ነው፤ የበላውን እህል፣ ያረሰለትን በሬ፣ ያበሰለለትን ፀሐይ አይረሳም።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ፀሐይ በእውነት ወደ ሰሜን የምትመለሰው በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ነው። ህንዶች የሚያከብሩት ግን በጥር 14 ወይም 15 ነው። ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቀን ይዘገያል። ለምን? እነሱ በዓሉን ያሰሩት በከዋክብት ላይ ነው። የመሬት ዘንግ ደግሞ እንደሚሽከረከር እንዝርት ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ አንዱን ዙር ለመጨረስ 26 ሺሕ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ምክንያት ከዋክብቱና ወቅቶቹ በየ72 ዓመቱ ገደማ በአንድ ቀን ይለያያሉ። በዓሉና የፀሐይዋ መመለስ አንድ ቀን ላይ የገጠሙት ከ1700 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ቀስ እያለ ፀሐይዋን ተለያት።

ህንዶች ይህን ሲያውቁ ምን አደረጉ? ነጻነታቸውን ካገኙ በኋላ በ1952 እ.ኤ.አ. የዘመን አቆጣጠር ማሻሻያ ኮሚቴ አቋቋሙ። ሊቀመንበሩ ሜግናድ ሳሃ ነበር፤ ስለ ከዋክብት ብርሃን ባወጣው ቀመር ዓለም የሚያውቀው የፊዚክስ ሊቅ። ኮሚቴው በአገሪቱ የሚሠራባቸውን ሠላሳ ገደማ የዘመን አቆጣጠሮች ሰብስቦ መረመረ፤ በዓላቱ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቁ በቁጥር አስቀመጠ። በመጋቢት 22 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. መንግሥት ብሔራዊ ዘመን አቆጣጠር አወጀ። ሕዝቡ ግን ፖንጋሉን በጥንቱ ቀን ማክበሩን ቀጠለ። ማንም «ሃይማኖቴ ተነካ» ብሎ አገር አላፈረሰም፤ ማንም «በዓላችሁ ስሕተት ነው» ብሎ ማሰሮ አልሰበረም። በዓሉም አለ፣ እውቀቱም አለ።

እኛ ዘንድስ? «ዝንፍ ብሎ አያውቅም» ባዩ ወገን እዚህ ጋ ጆሮውን ይስጠኝ።

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ይከፍሉታል። መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25። (በነገራችን ላይ የመስከረሙን አበባ «ጸደይ» የሚሉት የከተማ ሰዎች መፀውን ከጸደይ እያምታቱ ነው። በዚህ አቆጣጠር ጸደይ የሚባለው ወርኃ መስከረም ሳይሆን ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ያለው ነው።) ለምን ሁልጊዜ 26? እንዲሁ ደስ ስላላቸው አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ግድም እነዚህ ቀናት ፀሐይ መንገዷን የምትቀይርባቸው ቀናት ነበሩ። በመጋቢት 25 ቀንና ሌሊት ይተካከላሉ፤ በሰኔ መጨረሻ ቀኑ ከሁሉም ይረዝማል፤ በመስከረም መጨረሻ እንደገና ይተካከላሉ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ሌሊቱ ከሁሉም ይረዝማል። የቀመሩት ሰዎች ሰማዩን ያዩ ነበሩ። ክብር ለእነሱ ይሁን።

ዛሬስ? ዛሬ ቀንና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ወይም 13 ላይ ነው። ረጅሙ ቀን ሰኔ 14፣ ረጅሙ ሌሊት ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ነው። መጽሐፋችን ሃያ አምስት ሃያ ስድስት ሲል ፀሐይዋ ሁለት ሳምንት ቀድማ አልፋለች። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። የእኛ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው ለዚህ ነው። የፀሐይዋ ዓመት ግን ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል። አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አላት? በ128 ዓመት አንድ ቀን ትሆናለች። ፈረንጆቹ በ1582 አሥር ቀን ዘለው ይህንን አስተካከሉ፤ እኛ አላስተካከልንም። ለዚህ ነው ገናችን ከረጅሙ ሌሊት በኋላ አሥራ ሰባት ቀን ያህል ቆይቶ የሚመጣው። ለዚህም ነው በ2100 እ.ኤ.አ. ፈረንጆቹ አንድ የካቲታቸውን 28 ላይ ሲያስቀሩ፣ የእኛ እንቁጣጣሽ በእነሱ መስከረም 11 ይውል የነበረው ወደ 12 የሚሸጋገረው። የዛሬ ሕፃናት በሕይወታቸው ያዩታል።

ገናን ወደ ታኅሣሥ 12 እንውሰደው እያልኩ ነው? በፍጹም። ይህ የእኔም፣ የሬዲዮ ተከራካሪውም ሥልጣን አይደለም፤ ደግሞስ ገናን በታኅሣሥ 29 ማክበራችን ማንን ጎዳ? እኔ የምጠላው «ዝንፍ ብሎ አያውቅም» የሚለውን ውሸት ነው። ያ ውሸት ሊቃውንቱን ያከበረ መስሎ ይሰድባቸዋል። ባሕረ ሐሳብን የቀመሩ ሰዎች በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት፣ በ28 ዓመት የፀሐይ ዑደት፣ ሁለቱ ተባዝተው በሚሰጡት በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር የሚያስቡ ሰዎች ነበሩ። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንዲሆኑ ያደረገ ጭንቅላት ቢነሣ «ፀሐይዋን ሄዳችሁ ለካችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። እኛ ግን አንለካም፤ እንፎክራለን።

ሌላው ፉከራችን መጽሐፈ ሄኖክ ነው። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ፀሐይና ጨረቃ መንገድ የሚናገር ነው፤ መጽሐፉ ሙሉውን ተጠብቆ የተገኘውም በግእዝ ብቻ ነው። ይህ እውነተኛ ኩራት ነው። ነገር ግን እዚያ መጽሐፍ ላይ ረጅሙ ቀን የሌሊቱን እጥፍ እንደሚሆን ተጽፏል፤ ከአሥራ ስምንት ክፍል አሥራ ሁለቱ ቀን፣ ስድስቱ ሌሊት። ሰዓት ይዘህ ነፋስ መውጫ ላይ ቁም። በጋይንት በረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ያ አሠላል ከእኛ ሰማይ የመጣ አይደለም፤ ወደ ባቢሎን የሚጠጋ ነው። መጽሐፉን ጠብቀን ያቆየን እኛ ነን፤ ከሰማያችን ጋር አስተያይተን ማንበብ ግን ገና ይቀረናል።

ሦስተኛ ሰው ደግሞ አለ። «የዘመን አቆጣጠራችሁ ከግብጽ የተቀዳ ነው» ብሎ የሚያናንቅ። ልክ ነው፣ ሠላሳ ሠላሳ ቀን ያላቸው አሥራ ሁለት ወራትና ጳጉሜን ከግብጽ የመጡ ናቸው። ግብጾች በሩብ ቀኗ ምክንያት የሚንከራተተውን ዓመታቸውን በንጉሡ በአውግስጦስ ዘመን፣ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ20ዎቹ ዓመታት፣ ስድስተኛ ጳጉሜን ጨምረው አቆሙት፤ ቅብጦች ዛሬም አዲስ ዓመታቸውን ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። ግን እስቲ የጥንቱ የግብጽ ዓመት በምን ይጀምር እንደነበር ጠይቁ። ሲሪየስ የምትባለው ደማቋ ኮከብ ከተሰወረችበት ወጥታ ጎሕ ሲቀድ ስትታይ፣ ያን ጊዜ የአባይ ጎርፍ ይመጣል። የመጀመሪያው ወቅታቸው ስሙ «ጎርፍ» ነበር። ያ ጎርፍ የማን ውሃ ነው? አስዋን ከሚደርሰው የአባይ ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው፤ በጎርፉ ወራት ደግሞ ድርሻው ከዚህም ይበልጣል። ከጉና ተራራ ርብና ጉማራ ወደ ጣና ይወርዳሉ። የጋይንትና የስማዳ ጎርፍ በበሽሎ አድርጎ አባይ ይገባል። እንግዲህ የግብጽ ቄስ ኮከብ እያየ ይጠብቀው የነበረው ውሃ፣ የወገዳ ገበሬ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሆኖ የሚያርስበት ዝናብ ነው። ዓመቱን ቆጥረው የጻፉት እነሱ ናቸው፤ የተቆጠረው ግን የእኛ ክረምት ነው። አስዋን ግድብ በ1970 እ.ኤ.አ. ካለቀ ወዲህ ያ ጎርፍ ግብጽ ሜዳ ላይ አይፈስም። ወገዳ ላይ ግን ክረምቱ አሁንም ክረምት ነው።

ይህን ስል የበዓላቱ ሃይማኖታዊ ትርጉም ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። መስቀል የመስቀሉ መገኘት መታሰቢያ ነው፤ ቡሄ የደብረ ታቦሩ ብርሃን ነው። ግን አንድ በዓል ሁለት ነገር መያዙ ምኑ ያስደነግጣል? ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም የሚል ሰው ስለ ደብረ ታቦርም ስለ ደመናውም እያወራ ነው።

ክረምቱስ ከፀሐይዋ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ የተማረ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን አሥራ አንድ ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ናቸው። ስለዚህ ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ በአናታቸው ታልፋለች፤ ሚያዝያ 12 ወይም 13 ወደ ሰሜን ስትሄድ፣ ነሐሴ 16 ወይም 17 ስትመለስ። በእነዚያ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ቀጥ ብሎ የቆመ በትር ጥላ የለውም። በሁለቱ መካከል፣ በሰኔና በሐምሌ፣ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይዋን እየተከተለ፣ ትንሽ ዘግየት እያለ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ስትመለስም ተከትሏት ይመለሳል። የመመለሻዋ ቀን ከቡሄ በኋላ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ፣ ከፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ቡሄን በዚህ ምክንያት እዚያ አስቀመጡት አልልም። ግን «ቡሄ ካለፈ» የሚለው የገበሬ አባባል ከፀሐይዋ መንገድ ጋር እንዴት እንደሚገጥም እዩት። ፀሐይዋ ተመልሳለች፤ ዝናቡ ይከተላታል።

ገበሬው የእርሻ ቀኑን የሚጠራው በበዓል ነው። «ጤፉን ከሥላሴ ማግሥት» ይላል እንጂ «በፈረንጅ ጁላይ 15» አይልም። ሰኔ ሚካኤል፣ ሐምሌ ሥላሴ፣ ቡሄ፣ መስቀል፣ ኅዳር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ ገብርኤል፤ መዝራቱ፣ አረሙ፣ እሸቱ፣ አጨዳው፣ ውቂያው በእነዚህ መካከል ይቀመጣል። አውድማው ተጠርጎ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ ጥምቀት ይመጣል፤ ከዚያ የጥር ሠርግ ይከተላል። የሙስሊሙ ወገናችን የጨረቃ ዓመት ከፀሐይዋ በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር በዓላቱ በወቅቶች ላይ ይዞራሉ፤ ለእርሻ ግን እሱም የሚቆጥረው ይህንኑ የፀሐይ ዓመት ነው። ስለዚህ ይህ ቆጠራ የአንድ ሃይማኖት ንብረት ብቻ አይደለም፤ የማሳው ሰዓት ነው።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ነገር ልግባ። አንድ የምግብ ዋስትና ስብሰባ ላይ ተቀምጬ፣ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ባለሙያ የጋይንትና የስማዳ ገበሬ ለምን እንደሚራብ ሲያስረዳ ሰማሁ። «በዓል ያበዛል» አለ። አምስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ዘጠኝ እያለ በጣቱ ቆጠረ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ የሻይ ዕረፍት ሆነ፤ ቅዳሜ ስለነበር ከሰዓት በኋላው ቀረ። በዓል ያበዛው ማን እንደሆነ ያን ቀን ያሰበ አልነበረም።

እርግጥ ነው፣ አረም ጤፉን በሚውጥበት ሳምንት ሦስት ቀን መዋል ይጎዳል፤ ይህንን ገበሬው ራሱ ያውቀዋል፣ ካህናቱም ያውቁታል፤ በመካከላቸው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ግን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የእነዚህ ወረዳዎች ብዙ ሰው በሴፍቲኔት ሲረዳ የኖረው በበዓል ምክንያት ነው? መሬቱ አርጅቶ፣ ገደሉ አፈሩን ጠርጎ ወደ በሽሎ አውርዶት፣ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ለልጆች ተቆራርሶ፣ ዝናቡ ከርሞ መጥቶ ወይ ፈጥኖ ሄዶ፣ ይህ ሁሉ ተረስቶ አቦና ሚካኤል ይከሰሳሉ? ደግሞስ ያ በሬ መቼ ይረፍ? ድርቆሽ ቀምሶ በሐምሌ ጭቃ ቀንበር የሚጎትት በሬ በሳምንት ሁለት ቀን ባይቆም እስከ ነሐሴ ይደርሳል? ታሚሎች ለበሬያቸው በዓመት አንድ ቀን በአበባ ያከብሩለታል፤ የእኛ ገበሬ ከእሱ ጋር አብሮ ያርፍለታል። በዚያ ቀን ማኅበር ይጠጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ዕድሩ ይሰበሰባል። ይህንን «ሥራ ፈትነት» ብሎ የሚጠራ ሰው የገጠርን ሥራ አያውቅም።

ለዓመታት ቱሪስት ስንጠራበት የኖርነው መፈክርም የዚሁ ዝንጋታ ውጤት ነው። «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» ሲባል ለሆቴል ጥሩ ነበር። ለወገዳ ግን አሥራ ሦስት ወር ሙሉ ፀሐይ ማለት የ1977 ዓ.ም. ዓይነት ዘመን ማለት ነው። በ2008 መፈክሩ «ምድረ ቀደምት» በሚል ሲተካ ከቱሪዝም ሰዎች በቀር የተደሰተ ይኖራል ብዬ አላሰብኩም፤ እኔ ግን በበኩሌ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለመሆኑ ምን ይደረግ ነው የምትለው ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገር።

አንደኛ፤ የአየር ትንበያው በገበሬው ቆጠራ ይነገረው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎቻችን ለበልግ፣ ለክረምትና ለበጋ ትንበያ ያወጣሉ። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ወደ ገበሬው ሲደርስ «ከመደበኛ በላይ 40 ከመቶ፣ መደበኛ 35 ከመቶ፣ ከመደበኛ በታች 25 ከመቶ» ዓይነት ቋንቋ ሆኖ ይደርሳል፤ የሚደርስ ከሆነ። ይህን ሰምቶ ስማዳ ቆላ ያለ ሰው ማሽላውን ትቶ ጤፍ ይዝራ ወይስ ይጠብቅ? በ2007 ክረምት ኤልኒኞ ዝናቡን አዛብቶት በዓመቱ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የአስቸኳይ ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቁ አስቀድሞ ታውቆ ነበር። ለገበሬው ግን «ዘንድሮ ዝናቡ ከሐምሌ ሥላሴ በፊት ላይጸና ይችላል፤ ከመስቀል በፊትም ሊያቋርጥ ይችላል፤ ቶሎ የሚደርስ ዘር ምረጥ» ተብሎ በዚህ ቋንቋ ቢነገረው ይገባው ነበር። ይህ ሳተላይት አይጠይቅም። ባለሙያው ከቄሱና ከግብርና ሠራተኛው ጋር አንድ ቀን እንዲቀመጥ ብቻ ይጠይቃል። ገበሬው ደግሞ በዓሉ ቀኑን እንደሚነግረው፣ ዝናቡ ግን ያንን ቀን ለመጠበቅ ቃል እንዳልገባ በዚያው ቋንቋ ይሰማል። አያቱ በሰኔ ሚካኤል ስለዘሩ ብቻ የዛሬው ሰኔ ሚካኤል ርጥብ ይሆናል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፤ የቆጠራው እውቀት ከትምህርት ቤት ይግባ። ጋይንት ውስጥ ቤተልሔም አለ። የአገሪቱ የድጓ መምህራን ምስክር የሚሆኑበት ቦታ ነው። ድጓ ደግሞ ምንድን ነው? ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በወቅትና በበዓል የሚከተል የዜማ መጽሐፍ ነው፤ ክረምቱም አበባውም በየቦታቸው አሉበት። ይህ ሁሉ ሊቅ ባለበት አገር፣ ከቤተልሔም ጥቂት መንገድ ርቆ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ፀሐይ በአናቱ የምታልፍበትን ቀን ሳያውቅ ስምንተኛ ክፍል ይጨርሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት የብዙ ልጆች ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አውቃለሁ፤ «ትምህርት ቤቱ ራሱ የት አለና?» የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። ግን ለዚህ ትምህርት ሕንጻ አያስፈልግም። የቆሎ ተማሪው ባሕረ ሐሳብ ያውቃል፣ አስኳላ የገባው ሳይንስ ያውቃል፣ ሁለቱ ግን አይነጋገሩም። «ሰኔና ሰኞ» ገጠመ ብሎ የሚፈራን ሰው የቆሎ ተማሪው በአንድ ሂሳብ ሊያሳርፈው ይችላል፦ መስከረም 1 ሐሙስ ከዋለ ሰኔ 1 ሰኞ ይውላል፤ በ28 ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ይመጣል፤ በቃ። መቅሠፍት ሳይሆን ማካፈል ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንን የሚያናንቀውም፣ የሚፎክርበትም፣ ገበሬውን በበዓሉ የሚከስሰውም የሚድኑት በአንድ መድኃኒት ነው፤ ወጥቶ በማየት። ስለዚህ በሚቀጥለው ሚያዝያ 12 እና 13፣ በወገዳ ያለህ መምህር፣ ካህን፣ የግብርና ሠራተኛ፣ ወላጅ፦ ቀጥ ያለ በትር ፈልግ፣ ልጆቹን ሰብስብ፣ ሜዳ ላይ ትከል። ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ጀምረህ የጥላውን ጫፍ በጠጠር አስምር። ጥላው ሲጠፋ ሰዓቱን ጻፍ። ነሐሴ 16 እና 17 ደመናው ከፈቀደ ድገመው። በመስከረምም እንቁጣጣሽ ላይ ሰው «ዝንፍ አይልም» እና «ኋላ ቀረን» ብሎ ሲከራከር ደብተርህን አውጣና አሳየው።